ይቀነስልኝ ያለ ጡረተኛ

የኢትዮጵያን ጡረተኛ የመሰለ ዕድለኛ ከወዴት ይገኛል? የአሜሪካው ሽማግሌ በየዓመቱ መነጽሩን ሰክቶ፣ የጤና መድን አረቦኑንና የሐኪም ወጪውን ደምሮ፣ ከገቢው 7.5 በመቶ ያለፈውን ብቻ ግብር ከሚከፍልበት ገቢ ላስቀንስ ብሎ ቅጽ ሲሞላ ያመሻል። የኛዋ የይፋግ ከተማ ጡረተኛ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ተገላግሏል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ጡረታውን ከግብር ምሮታል። ግብር ከሌለ ከምን ላይ ይቀነሳል? ለነገሩ አረቦኑስ የታለና!

አረቦኑም ቢሆን አልተረሳም ነበር። በ2002 የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ወጣ፤ በ2005 ደንቡ ተከተለ። ደመወዝተኛው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ ያዋጣል፤ ለጡረተኛው መንግሥት ሌላ 1 በመቶ ይጨምርለታል። ጡረታው 2,000 ብር ቢሆን 20 ብር መሆኑ ነው። ይፋግ ድሮ አሞሌ ጨው የሚቸበቸብባት፣ ነጋዴው ቀረጥ የሚከፍልባት ገበያ ነበረች። የዚያ ዘመን ቀራጭ እንኳ «ለከርሞ ትከፍላለህ» ብሎ ሰው አያሳልፍም። የኛው መድን ግን ቸር ነው። ሠራተኛው 3 በመቶው በዛብኝ አለ፤ ጤና ተቋማቱ ይሰናዱ ተባለ፤ ዘንድሮ ለከርሞ፣ ከርሞም ለከርሞ አሳለፈው። በ2015 ደንቡ አሥር ዓመት ሲደፍን ከጡረተኛው አንዲት ሳንቲም አልተቀነሰችም። ደንቡ በወጣበት ዓመት፣ በ60 ዓመቱ የተሰናበተው መምህር 70 ሞላው። ለደም ግፊት ደግሞ አለመቸኮል ይመከራል።

እዚሁ ጎረቤት ፎገራ በ2003 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲሞከር፣ ገበሬው ዓመታዊ መዋጮውን ከፍሎ የአባልነት ደብተሩን ያዘ። በ13 ወረዳዎች የተጀመረው ነገር አገር አዳረሰ። ያ መድን የታሰበው ለገበሬውና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ነው፤ ጡረተኛው የራሱ መድን በአዋጅ ተይዞለታል። ዕድሜውን ሙሉ ጠመኔ ጨብጦ የኖረ ሰው ከሩዝ ገበሬ ጋር አንድ ወረፋ ሊሰለፍ ኖሯል? ክብሩ ተጠበቀለት፤ ሕመሙም እንዲሁ።

ደብተር ያለውም ቢሆን ብዙ አይኩራ። ማዘዣው ላይ ሦስት መድኃኒት ይጻፍለታል። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ሁለቱን በእስክሪብቶ ትከብና «አባባ፣ እነዚህን ከውጭ ይግዙ» ትለዋለች፤ ስትለው ደግሞ በትሕትና ነው። አባባ አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል፤ ዋጋውን ይሰማል፤ የአንዱን ግማሽ ገዝቶ ይመለሳል።

እንግዲህ ጡረተኛው አባባ፣ መድንዎ የሚጀመርበት ቀን እስኪቆረጥ መድኃኒትዎን ከኪስዎ ይግዙ። ደረሰኙን አጣጥፈው በማስቀመጥ ግን አይድከሙ፤ የሚያቀርቡበት ቢሮ የለም።