ዘጠና ስድስተኛው ዲግሪ

እኔ እንደ ታዘብሁት ጡረታ የወጣ ሰው ከሦስት ነገሮች አንዱን ሳይጀምር አይቀርም፤ ወይ የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል፣ ወይ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ይካሰሳል፣ ወይ ማድቤት ይገባል። ታሪኬን እንዳልጽፍ 32 ዓመት ሙሉ ወጪና ገቢ ደብዳቤ ከመመዝገብ በቀር ለትውልድ የሚተርፍ ገድል አልሠራሁም፤ ጎረቤቴን እንዳልከስ ሰውየው ራሱ ጠበቃ ነው፤ ስለዚህ የቀረችኝን ሦስተኛዪቱን መንገድ ይዤ፣ ባለቤቴ አርባ ዓመት ያህል ያለ ተቀናቃኝ ወደ ገዛችው ግዛት፣ ማለት ወደ ማድቤቱ፣ ሳልጠራ ገባሁ።

ለዚህ ወረራ መነሻ የሆነችው በዋሽንግተን የምትኖረው ልጃችን ናት። በስልክ ድምፄን ሰምታ «አባዬ፣ ቤት መዋል ከብዶሃል መሰለኝ» ካለችና ዳቦ መጋገር አሳብን እንደሚያሳርፍ ካስረዳችኝ በኋላ፣ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ላከችልኝ። ቤተ መቅደስ ንዋየ ቅድሳት እንዳለው ሁሉ ማድቤትም የራሱ ንዋይ አለውና፣ ሻንጣው ሲከፈት በአክብሮት ቆሜ አንድ በአንድ ተረከብሁ። በመጀመሪያ የወጣችው ሊጥ የምታቦካ የኤሌክትሪክ ማሽን ነበረች፤ እርሷም ሥራ በጀመረች ቁጥር በጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠች እስከ ጫፉ የምትጓዝ፣ ሰው እንደ በቅሎ ልጓም ይዞ ካላቆማትም ራሷን ከመጣል የማትመለስ ናት። ቀጥሎ ሊጥ ተድቦልቡሎ የሚያድርበት ክብ ቅርጫት ወጣ፤ ባለቤቴም አገላብጣ አይታው «ሙዳይ ሊሰፉ ጀምረው ክዳኑ ላይ ሰልችቷቸው ይሆናል» አለችና በማግሥቱ ነጭ ሽንኩርት አስቀመጠችበት። ከዚያ ግራም የምትቆጥር ጠፍጣፋ ሚዛን፣ በመጨረሻም እንደ ሐኪም መርፌ የሾለች፣ ዳቦው መካከል ተሰክታ ሙቀቱን በቁጥር የምትናገር ቴርሞሜትር፣ 48 ገጽ ካለው የመመሪያ መጽሐፍ ጋር ወጣች።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ምሳሌ አገራችን ዘወትር የሚጠቅሰው ስለ ሹማምንት መለዋወጥ ነው፤ ባለቤቴ ግን ያን ዕለት ወደ ጥንተ ነገሩ መልሳ፣ በእውነት ስለ ጉልቻና ስለ ወጥ አድርጋ፣ እኔን እያየች ተናገረችው።

ወሩ ነሐሴ ነበርና ሙከራዬን ለቡሄ ቀጠርሁት። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል በአገራችን ያለ ሙልሙል አይታሰብም፤ ጌታ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ እረኞች የመሸ ሳይመስላቸው በሜዳ ቢቈዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ተብሎ የሚተረከውን ለማሰብ፣ ብላቴኖች ጅራፋቸውን እያጮኹ በየደጁ ሲያዜሙ ሙልሙል ይታደላቸዋል። የበዓሉን ስም ገላጣና ብሩህ ከማለት ጋር የሚያያይዙ እንዳሉ ሁሉ፣ ከቦካው ሊጥ፣ ማለት ብሑእ ከሚለው የግእዝ ቃል ጋር የሚያዛምዱትም አሉ፤ እኔም ለጊዜው የሚጠቅመኝ ሁለተኛው አንድምታ ስለ ሆነ እርሱን ያዝሁ። መመሪያው ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ጨምር ይላል፤ ቡሄ በጾመ ፍልሰታ መካከል የሚውል መሆኑን ግን ጸሐፊው ከየት ይወቀው! ሦስቱንም ሰርዤ በዘይት ተካሁ፤ በጥቁር አዝሙድም አጸናሁት።

ከመጣልኝ ዕቃ ሁሉ ጻድቅ ሆና የተገኘችው ሚዛኗ ናት። ፉርኖ ዱቄት በስኒ ሲሰፈር እንደ ሰፋሪው እጅ ይለዋወጣል፤ ገፈፍ አድርጎ ያነሣው ይቀልላል፣ ጠቅጥቆ የሞላው ይከብዳል። እኔ በአንድ ስኒ ሦስት ጊዜ ብሰፍር አንደኛው 122፣ ሁለተኛው 139፣ ሦስተኛው 151 ግራም መዘነ። አንድ ስኒ በአንድ ሰው እጅ ለሦስት ከተከፈለ፣ ያለ ስኒና ያለ ሚዛን በእፍኝ የምትሰፍር ሴት ምን ያህል ትስት ይሆን ብዬ፣ ላሳፍራት አስቤ፣ ባለቤቴን «እስቲ ግማሽ ኪሎ አንሺልኝ» አልኋት። ሰባት ጊዜ ዘገነች፤ ጥቂት አሰበች፤ ከሰባተኛው ላይ ቁንጥር ያህል መለሰች። ሚዛኗም 496 አለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሚዛኗን ከእኔ ወገን አልቈጥራትም።

ሊጡ ቡሃቃ ውስጥ ከገባ በኋላ ያለው ነገር ግን የሰው ሥራ አይደለም። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ጠቢብ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መርምሮ እንዳስረዳው፣ እርሾ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ በዓይን የማይታዩ አእላፍ ነፍሳት የዱቄቱን ስኳር እየተመገቡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣሉ፣ የስንዴውም ግሉተን እንደ ፊኛ እየተወጠረ ያንን አየር ሲያግተው ሊጡ ኩፍ ይላል። እነዚህ ነፍሳት እንደ እኛው ሙቀት ይወዳሉ፣ እንደ እኛው ሲበዛባቸው ይሞታሉ፤ 60 ዲግሪ በደረሰ ሊጥ ውስጥ የሚተርፍ እርሾ የለም። መመሪያው በ27 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይበቃዋል ይላል፤ የነሐሴ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ በሚንጫጫበት በእኛ ማድቤት ግን ቴርሞሜትሯ 16 ታሳይ ስለ ነበር፣ ሊጡ ከአንድ ሰዓትም ከሁለት ሰዓትም በኋላ፣ ደብዳቤው እንዳልደረሰው መሥሪያ ቤት፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ይተዉት፤ ሌሊቱን አድሮ ነገ ይደርሳል» አለችኝ ባለቤቴ። ባለጉዳይን «ነገ ይመለሱ» እያልሁ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው፣ «ነገ» መባል ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ያን ማታ ገባኝ። ቡሃቃውን አቅፌ ወደ መኝታ ቤት ወሰድሁት፤ በጋቢ ጠቅልዬም ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ከእግሬ አጠገብ፣ እንደ ታመመ ሕፃን አስተኛሁት። ባለቤቴ ይህን አይታ አንዲት ቃል ሳትናገር ትራሷን ይዛ ወደ ልጃችን ክፍል ሄደች።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ለብ ያለ፣ ለስላሳና የማይቸኩል አንዳች ነገር ከቁርጭምጭሚቴ ወደ ጉልበቴ ሲመጣ ነቃሁ። በስመ አብ ብዬ መብራት ባበራ፣ ሊጡ ክዳኑን አንሥቶ፣ ጋቢውን አልፎ፣ የአልጋውን እኩሌታ ይዟል! ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ አየሩም በሊጡ ላይ የሚጭነው ግፊት ስለሚያንስ፣ ሊጥ አንድ ጊዜ ከሞቀው በእኛ ዘንድ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ይነፋል። ይህን የተማርሁት በኋላ ነው፤ ያን ሌሊት የተማርሁት የደረቀ ሊጥ ከጋቢ ላይ በቀላሉ እንደማይለቅ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ተጠርታ መጣች፤ ቡሃቃው ውስጥ የቀረውን ሊጥ ዱቄት በነካ ሌባ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። «ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፤ ተጎድጉዶ ከቀረ አልፎበታል» አለችኝ፤ የጣቷም ምልክት እንደ ማኅተም ታትሞ ቀረ። ሊጥም ንስሐ የሚገባ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አየሩን አስወጥታ፣ ጥቂት ዱቄት ጨምራ እንደገና አሸችው፤ ሲነጋ ዳግመኛ ኩፍ ብሎ በጣት ፈተናው አለፈ። ድርሻችንን እኩል ተካፍለን፣ እርሷ የራሷን በኮባ ቅጠል ላይ ዘርግታ በምጣዷና በአክንባሎዋ፣ እኔም የራሴን አድቦልቡዬ በኤሌክትሪክ ምድጃዬ ጀመርን።

መመሪያው በገጽ 31 ላይ በደማቅ ቀለም እንደሚያዝዘው፣ ዳቦ በስሏል የሚባለው መካከሉ 96 ዲግሪ ሲሞላ ብቻ ነው። በሃያ አምስተኛው ደቂቃ ቴርሞሜትሯን ብሰካት 90 አለች፤ በሠላሳኛው 92 ደረሰች፤ ከዚያም በኋላ እንጦጦን ሊወጣ መንገድ ላይ እንደ ደከመው ሰው እዚያው ተቀመጠች። ባለቤቴ የእርሷን ዳቦ አውጥታ፣ ጀርባውን በጣቷ አንኳኩታ፣ ድምፁን አዳምጣ ሸፍናዋለች፤ «ይብቃዎ እንጂ፣ ሽታው እኮ ጠራዎት» አለችኝ። እኔ ግን ያልተሟላ ማመልከቻ ፈርሜ አላውቅምና 96 ሳይሞላ አይወጣም አልሁ። ቤተ ልሔም ማለት የኅብስት ቤት ማለት መሆኑን፣ በዚያም የሚያገለግሉ ዲያቆናት የቍርባኑን ኅብስት ስንት መቶ ዘመን ያለ ቴርሞሜትር ሲጋግሩ እንደኖሩ በዚያች ሰዓት ማን ያስታውሰኝ! በመጨረሻ 96 ስትሞላ ደስ ብሎኝ አወጣኋቸው፤ አንዱ ከእጄ አምልጦ ቢወድቅ የወለሉ ንጣፍ ተሰነጠቀ።

ቴርሞሜትሯን በሐሰተኛ ምስክርነት ጠርጥሬ፣ ለልጄ የክስ ደብዳቤ ከመጻፌ አስቀድሞ ማስረጃ ላሰባስብ ብዬ፣ ለሻይ በተጣደ ውሃ ውስጥ ነከርኋት። ውሃው ይንተከተካል፤ እርሷ ግን 92 ብላ ቆማለች። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የጎረቤታችን ልጅ ችቦ ማሠሪያ ሊለምን መጥቶ ይህን አየና፣ «አባባ፣ እኛ እኮ ከፍታ ላይ ነን፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ገደማ ነው» አለኝ። ነገሩ እንደ መብረቅ በራልኝ፤ ዳቦ በሆዱ ርጥበት እስካለ ድረስ ከሚፈላ ውሃ የበለጠ ሊሞቅ አይችልም፤ ስለዚህ በእኛ አገር ዳቦ 96 ዲግሪ የሚደርሰው ውሃውን ሁሉ ጨርሶ፣ ዳቦነቱን ሲያጣ ብቻ ነው። ቴርሞሜትሯ እውነት ተናግራለች፤ መመሪያውም ከባሕሩ ብዙ ከፍ ብለው ለማይኖሩ ሰዎች በእውነት ተጽፏል፤ በመካከል በስሎ የተገኘው እኔ ነኝ። ገጽ 31ን ገልጬ 96ን ሰረዝሁ፣ በቀይ ቀለም 91 ብዬ አረምሁ፣ ቀንና ፊርማም አኖርሁበት። ዛሬ ከዚያ ሻንጣ የሚያገለግለው ሚዛኗ፣ በታረመው ሕግ የምትገዛው ቴርሞሜትርና ነጭ ሽንኩርት የያዘው ቅርጫት ነው፤ ማቡኪያዋ ጥልፍ ዳንቴል ለብሳ በክብር ጡረታ ወጥታለች።

በዚያ ዋዜማ ምሽት ልጆቹ መጥተው አዜሙ። ባለቤቴ ዳቦዋን ቈርሳ አደለች፤ እኔም እንደ ወጉ ለሁለቱ ታላላቆች አንዳንድ ሙልሙል ሰጠኋቸው፤ እነርሱም ሲቀበሉ እጃቸው ዝቅ ቢልም አሳዳጊያቸው የተባረከ ነውና አመስግነው፣ መርቀውን ሄዱ።

በበዓሉ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ልጆቹ በሰፈራችን ሜዳ ኳስ ሲጫወቱ አገኘኋቸው። የአንደኛው ጎል ምልክት ሆነው የቆሙት ሁለቱ ሙልሙሎቼ ነበሩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ወርዶባቸው አድሮ አንዳቸውም አልራሱም። አይቼ እንዳላየሁ ላልፍ ስል በረኛው ሮጦ መጣና፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በትሕትና እንዲህ አለኝ፦ «አባባ፣ ከተረፈ ሁለት ይጨምሩልን፤ በወዲያኛው በኩል ያለን ድንጋይ ብቻ ነው።»