ማዕረግ በቁና፣ ደመወዝ በስኒ

እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔራል ሞተርስ በሪሌይና በሽቦ የታጨቁት የመቆጣጠሪያ ሣጥኖቹ አንገፈገፉትና ምትክ ፈለገ። ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ ሞዲኮን 084 የተባለውን ፒኤልሲ (በፕሮግራም የሚታዘዝ መቆጣጠሪያ) ሠሩ። ፕሮግራሙ መሰላል የመሰለ ሥዕል የሆነው የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን አይቶ እንዳይደነግጥ ነበር። እሱስ አልደነገጠም። ደመወዝ ከፋዩ ግን ሥዕሉን አይቶ «ይህማ የሽቦ ሥራ ነው» ያለ ይመስላል፤ እስካሁንም ሐሳቡን አልቀየረም።

በአሜሪካ የሶፍትዌር ባለሙያዎች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ130 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። የፒኤልሲ ፕሮግራመር በመንግሥት የሙያ ሰንጠረዥ ላይ የራሱ መስመር እንኳ የለውም፤ አንዴ ከመሐንዲስ፣ አንዴ ከቴክኒሻን ጋር ይቆጠራል። አሠሪው ይህ ተመችቶታል፦ ሲጠየቅ መሐንዲስ፣ ሲከፈለው ቴክኒሻን።

የትርፍ ሰዓቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። የፌዴራሉ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈል ይላል፤ በቋሚ ደመወዝ የተቀጠረ መሐንዲስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው። እናም ከሌሊቱ 8 ሰዓት የፋብሪካው ማጓጓዣ ሲቆም መሐንዲሱና በሰዓት የሚከፈለው ኤሌክትሪሺያን አንድ ሣጥን ሥር ይንበረከካሉ። ኤሌክትሪሺያኑ ሰዓቱን እያየ ፈገግ ይላል፤ መሐንዲሱ ላፕቶፑን የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጦ ማዕረጉን ያስታምማል።

ጥፋተኛው አቧራ የለበሰ ሴንሰር ሆኖ ይገኛል። በጨርቅ ይጠረጋል፤ መስመሩ ይነሣል። ጠዋት ሥራ አስኪያጁ «ፕሮግራሙ ተስተካከለ?» ይላል። ለምስጋና የቀዘቀዘ ፒዛ አለ፤ እሱንም ኤሌክትሪሺያኑ ቀድሞ ደርሶበታል።