የታርጋዋ ሚስማር ጣጣ

አሮጌ ማሽን የማደስ አመል የተጠናወተው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የነከሰ ዘንግ በዘይትና በእሳት ይላቀቃል፤ ኩሽኔታ ይቀየራል፤ የተሰነጠቀ ጊዛ እንኳ ደህና በያጅ ከተገኘ ይድናል። ሰውን የሚያስመርሩት የማሽኑ መለያ የተጻፈባትን ታርጋ የያዙት አራት ሚስማሮች ናቸው። ሲመቷቸው ጀምሮ እንዲወጡ አልታሰበም። ፋብሪካው አልተሳሳተም፤ ታርጋ የሚነቅል ምን ዓይነት ሰው ነው? እኛ ነና።

ጭንቅላታቸው ድፍን ነው፤ ካቻቢቴ የሚይዝበት ስንጥቅ የለውም። በእንግሊዝና በአሜሪካ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ሚስማር ጠመዝማዛ ጥርስ አለው፤ በመዶሻ ሲመታ ራሱ እየዞረ ጊዛው ውስጥ ይገባል። ዕድል ከቀናና በግሪፕ ፒንሳ አንቆ የመያዝ ጉልበት ካለ፣ ወደ ግራ ሲዞር ይወጣል። በጀርመኖቹ ማሽኖች ላይ የሚበዛው ግን ጎኑ ላይ ቀጥ ያሉ ቦዮች እንጂ ጥርስ የለውም። ሲያዞሩት ቢውሉ እዚያው ይሽከረከራል እንጂ ከፍ አይልም። ከላይ ሲታዩ ደግሞ ሁለቱም አንድ ናቸው!

ቀዳዳው ወዲያ ማዶ የሚያልፍ ቢሆን ከጀርባ በቀጭን ብረት መታ መታ አድርጎ መገላገል ነበር። ብዙውን ጊዜ አያልፍም። ያኔ ትዕግሥት የሌለው ሰው ካቻቢቴውን በታርጋው ጥግ ሥር ሰክቶ ይፈነቅላል። አንዱ ጥጉ ያልታጠፈ አሮጌ ታርጋ አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። ሌላው ትራፓኖ ያነሳል፤ ሚስማሩ ጠንካራ ብረት፣ ዙሪያው ለስላሳ ጊዛ ነውና ፑንታው ሚስማሩን ትቶ ወደ ጎን ይሸሻል። ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ይቀራል፣ ሚስማሩም እዚያው አለ። ጭንቅላቱን በሞረድ በልቶ፣ ታርጋውን በቀስታ አንስቶ፣ የቀረችውን ጉቶ በፒንሳ መያዝ ይሻላል። ግን ማን ይታገሣል?

መተኪያው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አራት ቁጥር የሚባለው የእንግሊዞቹ ሚስማር ውፍረቱ 2.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሚፈልገው ቀዳዳ 2.6 ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ፑንታ ስትጠይቁ 2.5 አለ፣ 3 አለ። በ2.5 ሲበሱት ሚስማሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ ጭንቅላቱ ይጨፈለቃል፤ በ3 ሲበሱት በጣት ይወጣል። «ምን ልዩነት አለው?» ይላል ባለ ሱቁ፤ ሚስማሩን የሚመታው እሱ አይደለማ።

ስለዚህ አብዛኛው ሰው ሪቬት ይመታል። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ የአልሙኒየም ሪቬት፣ ያውም በ1930ዎቹ ማሽን ላይ! ድፍን ጊዛ ውስጥ ከጀርባ የሚያብጥበት ቦታ ስለሌለው በወጉ አይነክስም፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይላላል። በሱፐር ግሉ የሚለጥፉም አሉ፤ ሙቀትና ዘይት ሲያገኘው የት እንደሚወድቅ መገመት አያዳግትም።

ከሁሉም የሚያበሳጨው ግን ታርጋውን በብርጭቆ ወረቀት የሚያሸው ነው። «አበራሁት» ይላል። ከነሐሱ ላይ ጥቁሩን ቀለም ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም አብሮ አበራው። ለዕይታ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ወፍጮ ሲያስፈጭ የኖረውን ሊስተር ሞተር ውሰዱ፤ 5/1 የሚባለው 5 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በደቂቃ 600 ዙር የሚሠራ ነው፤ 6/1 ደግሞ 6 ጉልበትና 650 ዙር። መልካቸው ይመሳሰላል፤ በህንዷ ራጅኮት የሚሠሩ ቅጂዎችም አሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ታርጋው ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተርማ ይባስ፤ ቮልቱና አምፔሩ ከጠፋ ጠምጣሚው በግምት ይሠራል፤ ሲቃጠል «መብራት ኃይል ነው» ይባላል።

እባካችሁ፣ ታርጋው በደህና ከተያዘ አትንኩት። በስኮች ሸፍናችሁ ዙሪያውን ቀቡ። መነቀሉ የግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ፎቶ አንሱት፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ የወጡትንም ሚስማሮች አትጣሉ፣ ለመተኪያው ልክ መለኪያ የሚሆኑት እነሱ ብቻ ናቸው።