ሐዘንተኛዪቱ ዶሮ

ባሕር ማዶ የምሄድ በሆነ ቁጥር ባለቤቴ አንድ ኪሎ ሽሮ፣ ግማሽ ኪሎ በርበሬና አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ በሻንጣዬ ጥግ ትሸጉጣለች፤ እኔም አውሮፕላኑ ከመነሣቱ ከሦስት ወር በፊት ጀምሬ በዚያ አገር በየትኛው ቤት፣ በምን ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደምበላ በደብተር ጽፌ የጨረስሁ ሰው በመሆኔ፣ ያን ስንቅ እንደ ስድብ ቆጥሬ አኮርፋለሁ። «ደብተር አይበላም» ትለኛለች። በአደባባይ የቤተ መዘክርና የጥንታዊ ሕንፃ ወዳጅ መስዬ ብታይም፣ አገርን በዓይኔ ሳይሆን በምላሴ የምጎበኝ ሰው መሆኔን እሷ ካወቀችው ዘመን ቆጥሯል።

ይህን የማዕድ ጉዞ ሥርዓት ያስተማረኝ የሚሽለን መጽሐፍ ነው። ነገሩን ላልሰማ ለመተረክ ያህል፣ በክሌርሞን ፌራን ከተማ የመኪና ጎማ ይሠሩ የነበሩት ወንድማማቾች አንድሬና ኤዱዋር ሚሽለን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ለባለ መኪና ሁሉ በነፃ የሚታደል የመንገድ መሪ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ አገር መኪና ገና ብርቅ ነበረና፣ ያለው ሰው አብዝቶ እንዲነዳ፣ አብዝቶ ሲነዳ ጎማው ቶሎ እንዲያልቅ፣ ጎማው ሲያልቅም ወደ እነሱ ደጅ እንዲመለስ የታሰበ ብልሃት ነበር። በ1926 መልካም ምግብ ለሚያቀርቡ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመሩ፤ በ1931 ማዕረጉን እስከ ሦስት አደረሱት፤ ትርጓሜውም አንዱ ኮከብ ከመሰሎቹ የተመረጠ፣ ሁለቱ ከመንገድ ወጣ ተብሎ ሊገባበት የሚገባ፣ ሦስቱ ግን ለእሱ ሲባል ብቻ ጉዞ የሚነሡለት ቤት ማለት ነው። የጎማ ነጋዴ በሆድ ነገር እንዴት ዳኛ ይሆናል ብሎ የሚደነቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር በመኪና የወረደ ጊዜ ምሳውን የት እንደበላ ያስታውስ፤ የከባድ መኪና ሹፌሮች መኪናቸውን ደርድረው ካቆሙበት ደጃፍ አልነበረምን? እኛም ኮከቡን ሳንሰጥ ቀረን እንጂ ጎማ ተከትሎ መብላቱንስ ከማንም አልተማርነውም።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አላማረልኝም። በመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ፓሪስ እንድሄድ የታዘዝሁት በነሐሴ መባቻ ነበርና ደስታዬ የቀን መቁጠሪያውን እስካይ ድረስ ብቻ ቆየ፤ ፍልሰታ በነሐሴ 1 ቀን ይገባል፣ እኔም ሌሎቹን አጽዋማት በልዩ ልዩ ሰበብ ባልፋቸው ፍልሰታን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ደፍሬ አላውቅም። እንግዲያው ማዕዱን ባልቀምስ ደጃፉን ልሳለም፣ የምግቡንም ዝርዝር በመስኮት ላንብብ ብዬ ደብተሬን ይዤ ብዞር፣ ከአራቱ ቤት በሦስቱ መዝጊያ ላይ «ለዓመት ዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ፤ የፓሪስ ወጥ ቤቶች በዚያ ወር ከተማውን ለእንግዳ ጥለው ወደ ባሕር ዳርቻ የመውረድ ልማድ አላቸውና። ፓሪስም ፍልሰታን ጾመች ማለት ነው፤ ልዩነቱ እነሱ የእመቤታችንን ዕርገት በኦገስት 15 ሲያከብሩ፣ እኛ ከሳምንት በኋላ በነሐሴ 16 ማክበራችን ነው። በሆቴሉ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ያን በዘይት የተለወሰ ዳቦ ቆሎ እስከ ከረጢቱ ታች ድረስ ቆረጠምሁት፤ ይህን ግን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።

የመጽሐፍ አባዜ የያዘኝ በእነዚያ ባዶ ቀናት ነው። በሩ የተዘጋ ቤት መጽሐፉ ክፍት ነውና፣ ከጠዋት እስከ ማታ የወጥ መጻሕፍት በሚሸጡባቸው ሱቆች ስንከራተት ሰነበትሁ። የዘመናችን ስመ ጥር ወጥ ቤቶች ጠረጴዛ ለሚነፍጉት ሰው መጽሐፍ ይሸጡለታል፤ አሜሪካዊው ቶማስ ኬለር የምግብ ቤቱን የፍሬንች ላውንድሪን መጽሐፍ በ1999፣ የዴንማርኩ ሬኔ ሬድዜፒ የኖማን በ2010 አሳትመዋል፤ በካታሎኒያ የነበረው ኤል ቡሊ እንኳ በ2011 ከተዘጋ በኋላ የመጨረሻ ዓመታቱን ሥራ በሰባት ጥራዝ አውጥቷል። ሁሉም ያማሩ ናቸው፤ ሥዕላቸው ያብለጨልጫል፣ ወረቀታቸው እንደ ሐር ይለሰልሳል። እኔ ግን የወጥ መጽሐፍ ንጹሕ ሆኖ ሳየው እጠረጥረዋለሁ፤ ገጹ ላይ ጠብታ የሌለበት መጽሐፍ ማንም ያልሠራበት ነውና።

ከእነዚያ ሱቆች በአንዱ ነው የሊዮን ከተማዋን ኤዤኒ ብራዚዬን ታሪክ ያገኘሁት። በ1895 ከገበሬ ቤት የተወለደች፣ በልጅነቷ ከብት ስትጠብቅ ያደገች፣ ከዚያም አንድ ልጅ ወልዳ ለሥራ ወደ ከተማ የገባች ሴት ነበረች፤ በ1921 በሊዮን የራሷን ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች፣ በኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ ከተራራ ላይ ሁለተኛ ጨመረች፣ በ1933 ሁለቱም ቤቶች እያንዳንዳቸው ሦስት ኮከብ አግኝተው፣ ስድስት ኮከብ በአንድ ጊዜ የያዘ ሰው ከእሷ በፊት አልነበረም። በኋላ የፈረንሳይ ወጥ ቤቶች ሁሉ አለቃ ተደርጎ የተቆጠረው ፖል ቦኪዩዝ በወጣትነቱ በእሷ ማድ ቤት ተላላኪ ነበር። መጽሐፏ የወጣው በ1977፣ እሷም ያረፈችው በዚያው ዓመት ነው።

እኔን የማረከኝ ግን ዝናዋ ሳይሆን ዶሮዋ ነው። ጥቁር ትሩፍ የሚባለው፣ ከዛፍ ሥር ምድር ውስጥ የሚበቅለውና በውሻ አፍንጫ ተፈልጎ የሚቆፈረው እንጉዳይ እንደ ሳንቲም በስሱ ተከርክሞ በዶሮዋ ቆዳና ሥጋ መካከል ይገባል፤ ዶሮዋ በመረቅ በርጋታ ተቀቅላ ስትወጣ፣ ነጩ ቆዳ ከሥሩ ያለውን ጥቁር እያሳየ፣ ነጭና ጥቁር የለበሰች ትመስላለች። ስለዚህ «ደሚ ደይ» ይሏታል፤ ግማሽ ሐዘን ማለት ነው፤ የሐዘኑ ጊዜ ሊያልቅ ሲቃረብ ጥቁሩን ጨርሳ ሳትጥል ነጩን የቀላቀለች ሴት ልብስ። ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት ማውጣት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ በእንቁላል ማጀብ እናውቃለን፤ ልብሰ ሐዘን ማልበስን ግን አላሰብነውም። ይህችን ዶሮ ሳልበላ ብሞት ነፍሴ አታርፍም አልሁ።

ባሕረ ሐሳብ ምን ያህል ትልቅ ትምህርት እንደሆነ የገባኝ ቀኑን መፈለግ ስጀምር ነው። ለጾመኛ መንገደኛ ከበዓለ ሃምሳ የተሻለ ወራት የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል፤ ነገር ግን ጥቁሩ ትሩፍ የብርድ ወራት ፍሬ ነው፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች መግቢያ እንጂ ፋሲካን አይጠብቅም። በዲሴምበር እንዳልሄድ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ተተክሏል። በየካቲት እንዳልሄድ ሁዳዴ ይመጣል። የቀረችው ከልደት እስከ ነነዌ ያለችው ጠባብ በር ናት፤ ነነዌም ከፍ ዝቅ የምትል ሆና ከጥር 17 በታች ስለማትወርድ፣ ዓመቱ ቢጨክን በሩ ከሦስት ሳምንት አይሰፋም። ከዚህ ላይ ገሃድን አውጣ፤ ረቡዕንና ዓርብን አውጣ፤ በፈረንሳይ ብዙዎቹ የተከበሩ ቤቶች እሑድና ሰኞ ይዘጋሉና እነሱንም አውጣ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይቀራሉ። አበቅቴና መጥቅዕን ለሊቃውንቱ ያስተማራቸው እግዚአብሔር እንዲህ ላለው ጉዳይ እንዳላሰበው አውቃለሁ።

ውጤቱን ለባለቤቴ ሳቀርብ፣ የረሳሁትን ነገር በአንድ ቃል አስታወሰችኝ።

«በጥር?»

ጥር የሠርግ ወር ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ድንኳን የማይተከልበት ሰፈር የለም፤ በዚያ ዓመት ደግሞ የእህቷ ልጅ ተራ ነበር።

«የገዛ ልጃችን ስትዳር አንተ ሐዘን ላይ ያለች ዶሮ ልታጽናና ፈረንሳይ ትሄዳለህ?» አለችኝ።

ብዙ ሽማግሌ ከገባ በኋላ፣ የቅዳሜውን ሠርግና የእሑዱን መልስ በልቼ፣ ሰኞ ተነሥቼ ማክሰኞ ማታ ሊዮን እንድበላ ተፈቀደልኝ። ቦታውን በስሙ የማልጠራው አንድ ቤት ሰጠኝ፤ ለምሽቱ 8 ሰዓት። እኔም እንዳይሳሳትብኝ ብዬ በደብተሬ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ «ማክሰኞ፣ 2 ሰዓት» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍሁ።

ቀሪውን አንባቢ ገምቶታል። ሊዮን ገብቼ፣ የእጅ ሰዓቴን በአገሩ ሰዓት ሞልቼ፣ ለማዕዱ ክብር ቁርሴን ትቼ፣ ከረባቴን አስሬ፣ ልክ ከቀትር በኋላ በ2 ሰዓት ደጃፉ ላይ ቆምሁ። ብርጭቆ የሚወለውል አሳላፊ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ስሜን ከመዝገቡ ካየ በኋላ፣ «ሙሴ፣ እርስዎ የማታ ነዎት» አለኝ፣ በትሕትና። ቀዩ ቀለም ከእነ ድምቀቱ በኪሴ ነበር።

ስድስት ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ በጥር ብርድ። በሮንና በሶን ወንዞች መካከል ስንከላወስ ቆይቼ፣ ለሙቀቱ ብዬ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ገባሁ። ሽማግሌውን ባለሱቅ የብራዚዬን መጽሐፍ፣ የ1977ቱን የመጀመሪያ እትም፣ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ፤ እንዲህ ያለው መጽሐፍ ከሊዮን ሴቶች ማድ ቤት የሚወጣው ከሬሳቸው ጋር ነው፣ ያም ቢሆን ልጆቹ ይሻሙበታል አሉኝ። በእሱ ፈንታ የኦጉስት ኤስኮፊዬን መሪ መጽሐፍ አወጡልኝ፤ መጀመሪያ በ1903 የታተመ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የምግብ ሥራዎችን የያዘ፣ ከነድጉሱ ዳዊት ሳይሆን ግብረ ሕማማት የሚያህል ነው።

ወንበር ስበው ሰጡኝና ማንበብ ጀመርሁ። ኤስኮፊዬ ለጀማሪ አይራራም፤ ሥጋውን በኤስፓኞል ስልስ አብስል ይልና ያልፋል። ኤስፓኞል ምንድር ነው ብዬ ወደ ኋላ ስገልጥ፣ ቡናማውን መረቅ ያዝ ይላል፤ መረቁን ፍለጋ ደግሞ ስገልጥ፣ አስቀድመህ አጥንቱን ጥበስ ይላል። ንባቡን ከአንድምታው፣ አንድምታውን ከሐተታው እያጣቀሰ የሚያስተምር የትርጓሜ ቤት መምህር ፊት የተቀመጥሁ መሰለኝ፤ በአምስት መስመር የተጻፈችውን አንዲት ምግብ ለመረዳት አሥራ አንድ ጊዜ ገለጥሁ። የዶሮው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ከገጹ ግርጌ በጣት ልክ የሆነ የቅባት ምልክት አገኘሁ፤ ወረቀቱ ከዚያ ቦታ ላይ እንደ መስኮት ብርሃን ያሳልፋል፤ በጎኑም ማን እንደጻፈው ያልታወቀ፣ «ቅቤ ጨምር» የሚል የእርሳስ ቃል። ዋጋውን ሳልከራከር ከፈልሁ።

ማታ በ2፣ በእነሱ በ8፣ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ያው አሳላፊ ዶሮዋን በሞላላ ሣሕን ይዞ መጥቶ በፊቴ ቆረጣት። ጡቷ ላይ ከቆዳው ሥር በሁለት ረድፍ የተሰደሩ ጥቁር ክቦች ነበሩ፣ ዳራቸው ለስላሳ ሳይሆን ትንሽ ሻከር ያለ፤ ሽታቸው ክረምት ገብቶ ጓሮው ሲረጥብ የሚወጣውን የአፈር ሽታ ከለጋ ቅቤ ጋር የደባለቀ ነው። ፍርዴን ብሰጥ፣ መረቁ እንደ ትርጓሜ መምህሩ ቃል ጥልቅ ነበር፤ ሥጋው ለአፍ ገር ነው፤ ስለ ትሩፉ ግን የተባለው ከሚቀመሰው ይበልጣል። ጨው እንኳ ላስጨምር አፍሬ ዝም አልሁ። በርበሬው ሻንጣዬ ውስጥ፣ ሆቴል ነበር።

ከተመለስሁ በኋላ ጠባቡ በር ሳይዘጋ፣ ከነነዌ በፊት ባለችው የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ዶሮዋን በቤቴ ልሠራ ተነሣሁ። ትሩፉን የምገዛበት አቅም ስላልነበረኝ ደረቅ እንጉዳይ በውሃ ዘፍዝፌ ከረከምሁ፤ ዶሮዋም የገበያ ነበረችና ኤስኮፊዬ ከሚያዘው ጊዜ ሁለት ዕጥፍ ብትቀቀል አልበስል አለች። የባለቤቴ እናት በዚያ ቀን ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ሣሕኑን ባቀርብላቸው መነጽራቸውን አውጥተው አዩት።

«ልጄ፣ ይህ በቆዳዋ ሥር የጠቆረው ምንድር ነው? ታማ ኖሯል?»

«የለም፣ እማማ። ግማሽ ሐዘን ላይ ናት።»

«ውይ! ማን ሞቶባት?»

ለዚህ ኤስኮፊዬ መልስ አላኖረም። እማማም ብዙ አልጠበቁኝም፤ «እግዜር ያጥናት» ብለው ሣሕኑን አንሥተው ወደ ማድ ቤት ገቡ፤ ባለቤቴ የጣደችው ቁሌት ነበረ፣ ብልቷን አውጥተው ከዚያ ጨመሯት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀይ ለብሳ ወጣች። እኔ ሁለት ጊዜ አስጨለፍሁ፤ እንጉዳዮቹንም ከወጡ ውስጥ እየፈለግሁ በላኋቸው፣ ያን ጊዜ ነው የጣፈጡኝ።

የብራዚዬን መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ከአንባቢዎቼ መካከል ወደ ሊዮን የሚሄድ ቢኖር፣ እሑድና ሰኞን ትቶ በሌላው ቀን የአሮጌ መጻሕፍት ሱቆችን እንዲጠይቅልኝ እለምናለሁ፤ ዋጋውን ከነሻንጣው ትርፍ ኪሎ እከፍላለሁ። ወጥ የነካው ቅጂ ከተገኘ እሱን እመርጣለሁ።