ገመዱን ማቀበል ማረድ አይደለም

የፈረስ ውድድርን ከቄራ ጋር አያይዘው የሚያሙ ሰዎች ምቀኞች መሆን አለባቸው። ሙያውን ጠጋ ብሎ ላየው ከዳር እስከ ዳር አንድ ጥፋተኛ አይገኝበትም። ያራባው ሰው ፈረሶቹን ይወዳቸዋል። አሠልጣኙ ስማቸው ሲነሳ ዕንባው ይመጣል። ባለቤቱ ፎቷቸውን ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏል፣ ጋላቢውም በካሜራ ፊት አንገታቸውን ስሟል። በዚህ ሁሉ ፍቅር መሃል እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ ፈረሱ ታርዶ ይገኛል፤ ያን ጊዜም ሁሉም እኩል ይደነግጣል።

ፈርዲናንድ የታረደው እንዲህ ባለ ፍቅር ነው። በ1986 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የፈረንጆቹ ነው) በአሜሪካው ታላቅ ውድድር በኬንታኪ ደርቢ ሲነሳ ከሁሉም ኋላ ቀርቶ ነበር። ወደ መጨረሻው ግን የ54 ዓመቱ ጋላቢ ቢል ሹሜከር በአጥሩ ጥግ በተከፈተች ጠባብ ቀዳዳ አሹልኮ አሳለፈው፤ ከዚያ ወዲያ የደረሰበት የለም። አሠልጣኙ ቻርሊ ዊቲንግሃም ደግሞ የ73 ዓመት አዛውንት ነበር። ሁለት ሽማግሌዎችን በአንድ ቀን ለክብረ ወሰን ያበቃ ፈረስ ነውና አንገቱ ላይ የጽጌረዳ ጉንጉን ተደረገለት። በማግስቱ ዓመት የዚያን ዓመት የደርቢ አሸናፊ አሊሼባን በአፍንጫ ቀድሞ የብሪደርስ ካፕ ክላሲክን ወሰደ፤ የዓመቱ ፈረስም ተባለ። ጫማውን ሲሰቅል፣ ሰኮናውን ማለቴ ነው፣ 29 ጊዜ ሮጦ ወደ 3.8 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ ነበር።

ከዚያ ለጡረታ ወደ ማራቢያ ገባ፤ አንዲት ባዝራ ለማስጠቃት 30 ሺህ ዶላር ይጠየቅበት ጀመር። ጥፋቱን የሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ልጆቹ እንደ አባታቸው አልሮጡም። በ1994 ለጃፓን ተሸጠ። ሆካይዶ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት 77 ባዝራዎች ቀረቡለት፣ በመጨረሻው ዓመት 10 ብቻ። በ10 ባዝራ ገለባውንስ ማን ይችለዋል? በ2001 ለፈረስ ነጋዴ ተላለፈ። በ2002 መዝገቡ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ባርባራ ባየር የተባለች ጋዜጠኛ ብለድ ሆርስ ለተባለው መጽሔት ፍለጋ ስትወጣ ነጋዴው በመጀመሪያ ለወዳጅ እንደሰጠው ነገራት። ጠበቅ አድርጋ ስትጠይቀው ፈረሱ «መወገዱን» ተናገረ።

እስቲ ጥፋተኛውን ፈልጉ። አሜሪካኖቹ የሸጡት ስም ላለው ማራቢያ ነው። ማራቢያው የሰጠው ለነጋዴ እንጂ ለቢላዋ አይደለም። ነጋዴውም ለማን እንደሚሰጠው ያወቀው የመጨረሻው ሰው በመሆኑ ብቻ ይወቀሳል እንጂ፣ ገመዱን ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብሉ ከነበሩት በምን ይለያል? ከእሱ በፊት ስዊድን ውስጥ በ1997 ቄራ የገባው ኤክሴለርም እንዲሁ ነበር። ሦስቱን ታላላቅ የአሜሪካ ውድድሮች አሸንፈው የሦስትዮሽ ዘውድ የደፉ ሁለት ፈረሶችን፣ ሲያትል ስሉንና አፈርምድን፣ በ1978 በአንድ ውድድር የቀደመ ነው። እሱንም ያረደው ሰው የለም፤ ኪሳራ ነው ያረደው።

የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ሲደርስ «ፈረስ ይበላል እንዴ!» ብሎ ፊቱን ያኮሳትራል። ሰኮናው ያልተሰነጠቀ እንስሳ መበላቱ የሚያስቆጣን ከሆነ ግን ነገሩን ከጅራቱ ይዘነዋል። በሬያችን ስንት ክረምት አርሶ፣ ጉልበቱ ሲደክም ቀለብ ተጨምሮለት ለፋሲካ ይሸጣል፤ ጌታውም ጠዋት ጠዋት ስሙን እየጠራ ያሻሸው ነበር። ልዩነቱ አንድ ነው። ገበሬው በሬውን ለማን እንደሸጠ ያውቃል፣ የሸጠውም ለምን እንደሆነ አይደብቅም። ለበሬው አበባ አላጠለቀለትም፤ «የቤተሰባችን አባል» ብሎም በቴሌቪዥን አልማለም።

አሜሪካም ዝም ብላ አላየችም። በአገሪቱ የቀሩት ሦስት የፈረስ ቄራዎች፣ ሁለቱ ቴክሳስ አንዱ ኢሊኖይ፣ በ2007 ተዘጉ። አሁን በአሜሪካ ምድር ፈረስ ለሰው ምግብ አይታረድም፤ ኅሊናም ተኝቶ ያድራል። ፈረሱ ብቻ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ካናዳ ይሄዳል። መንገዱ ሩቅ ስለሆነም ሕጉ አዝኖለታል፤ ምግብና ውሃ ሳያገኝ ከ28 ሰዓት በላይ በመኪናው ላይ እንዳይቆይ ከልክሏል። በ27ኛው ሰዓት ላይ ያለ ፈረስ ምን ያህል እንደሚጽናና መገመት አያስቸግርም።

የሚበላው ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ታስቦለታል። የውድድር ፈረስ ሕመሙ ተሸፍኖለት እንዲሮጥ ፌኒልቡታዞን የሚባለውን ማስታገሻ እንደ ቀለብ ይወስዳል፤ መድኃኒቱ ለምግብ በሚታረድ እንስሳ ላይ ክልክል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ከሜክሲኮ የሚመጣውን የፈረስ ሥጋ ያገደው የትኛው ፈረስ ምን እንደተወጋ የሚያረጋግጥ ሰው ስለጠፋ ነው። እገዳው ሰውን ከፈረሱ ለማዳን ነበር። ፈረሱን ከሰው ስለማዳን የወጣ ነገር አላየሁም።

እንግሊዞችም ጨዋ ናቸው። በ2021 የቢቢሲ ፓኖራማ ፕሮግራም የውድድር ፈረሶች ቄራ ውስጥ በጥይት ሲገደሉ ካሳየ በኋላ፣ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ማንኛውም የውድድር ፈረስ «ለምግብ አይውልም» ተብሎ እንዲፈረምለት ደንብ ወጣ። ፊርማው አይበላም ይላል። አይገደልም ግን አይልም።

አውስትራሊያ ከሁሉም ትበልጣለች፤ እዚያ በቁጥር ነው የሚመልሱት። ጡረታ ከወጡት ፈረሶች ቄራ የሚገቡት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ይባል ነበር። በጥቅምት 2019፣ አገሩ ሁሉ ሥራ አቁሞ የሚያየው የሜልቦርን ዋንጫ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የአገሪቱ ቴሌቪዥን ኤቢሲ ኩዊንስላንድ ውስጥ በአንድ ቄራ በር የተቀረጸ ምስል አሳየ። በ22 ቀን ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ የውድድር ፈረሶች በዚያ በር ሲያልፉ ተቆጠሩ። እነዚህ እንግዲህ በሕይወታቸው በድምሩ ወደ 5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያሸነፉ ናቸው። ሽልማታቸው ለመጨረሻው ሳንቲም ተመዝግቦ ሳለ የሚሄዱበት ብቻ እንዴት ሳይመዘገብ እንደቀረ የሒሳብ ሊቅ ያስረዳን።

ለነገሩ ሁሉም የሚጨቃጨቀው በቄራው በር ላይ ነው። የማራቢያውን በር የሚያንኳኳ የለም። ፈርዲናንድ ደርቢ ባሸነፈበት ዓመት በሰሜን አሜሪካ ከ50 ሺህ በላይ ውርንጭላዎች ተመዝግበዋል። አብዛኛው ፈረስ ጉርምስናውን ሳይጨርስ ከሜዳ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሊኖር ይችላል፣ በልቶ አይጠግብም፣ ሐኪም ይፈልጋል፣ አንድ ሳንቲምም አያስገባም። በ2020 የአሜሪካው ጆኪ ክለብ አንድ ድንጉላ በዓመት ከ140 ባዝራ በላይ እንዳያጠቃ ደንብ አወጣ። ትላልቆቹ ማራቢያዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የኬንታኪ ሕግ አውጪዎችም ተነሱ፤ በ2022 ደንቡ ተሻረ። እንዲህ ነው የሚወደድ ፈረስ!

እኛም ብንሆን ብዙ የምንኮራበት የለንም። ጌታው በፈረሱ ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እየተባለ በሚጠራበት አገር፣ ጀርባው የቆሰለ የጋሪ ፈረስ ማታ ማታ ከከተማ ይወጣና ለጅብ ይተዋል። አንዳንዱ አስፋልት መሃል ቆሞ፣ ጥሩንባ ቢነፋበትም ንቅንቅ ሳይል፣ መኪና ሁሉ እየዞረው ያልፋል። ባለጋሪው ግን ቢያንስ ድሃ ነው፤ ፈረሱን የሚያበላበት ቀርቶ ልጁን የሚያበላበትም የለውም። ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ የአንድ ዓመት ውርንጭላ ለሚጫረተው ሰው ይህን ሰበብ ላውሰው ብል እንኳ አይሆነውም።

የፈርዲናንድ ወሬ ሲሰማ ታዲያ ልብ የተነካ አልጠፋም። የቦስተን ግሎብ የፊልም ሐያሲ የነበረ ማይክል ብሎወን ኬንታኪ ውስጥ «ኦልድ ፍሬንድስ» የተባለ የጡረተኛ ፈረሶች እርሻ አቋቋመ፤ በ2014 የ1997ቱን የደርቢ አሸናፊ ሲልቨር ቻርምን ከጃፓን አስመጥቶ በሕይወት አኖረው። ስለ ፊልም ሲጽፍ የኖረ ሰው ይህን ሲያደርግ፣ በፈረስ የከበሩትም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኒው ዮርክ ውስጥ «የፈርዲናንድ ክፍያ» የሚባል መዋጮ ተጀመረ፤ ባለቤቱ ፈረሱ በሮጠ ቁጥር ለጡረተኛ ፈረሶች 2 ዶላር እንዲያዋጣ፣ ያውም ከወደደ። ፈርዲናንድ የሮጠው 29 ጊዜ ነው፤ በዚህ ሒሳብ 58 ዶላር ይደርሰው ነበር።