ፈረስ የለሽ ፈረሰኛ

የካውቦይ ቡትስ ከአፍንጫው እስከ ተረከዙ የታሰበው ለፈረሰኛ ነው። ሹሉ አፍንጫ እርካብ ውስጥ ቶሎ ይገባል፤ ከፍ ያለው ተረከዝ እግር በእርካቡ አልፎ እንዳይሾልክ ይይዛል፤ ማሰሪያ የሌለውም ጋላቢው ሲወድቅ እግሩ ከጫማው ወጥቶ ነፍሱ እንድትተርፍ ነው። የዛሬው የቴክሳስ ደንበኛ ከቢሮ ወንበር ወደ መኪና ወንበር ነው የሚጋልበው። ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋም፤ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ሊጥለው ይችላል።

በልክ ማሰፋት ወግ አለው። ጫማ ሰፊው ሁለቱን እግሮች ለየብቻ ይለካል፣ ፎርማ ያዘጋጃል፣ ሶሉን በእንጨት ችንካር ይመታል። ሂሳቡ ከሺህ ዶላር በላይ፣ ቀጠሮው ወራት፣ ሲብስም ከዓመት ያልፋል። ከዚያ ቆዳ መምረጥ አለ፦ ሰጎን፣ አዞ፣ ዘንዶ። የሰጎን ከሆነ ላባው የተነቀለበት እብጠት ጎልቶ መታየት አለበት፤ ገንዘቡ የወጣው ለእብጠቱ ነዋ! የከብት ነጂ ጫማ በከብት ቆዳ ሲሰፋማ ድህነት ያስመስላል።

አሮጌ ፈላጊው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የሲሲሊ ስደተኞች እ.ኤ.አ. በ1883 ሳን አንቶኒዮ ላይ የጀመሩት የሉኬሲ ጫማ ቤት፣ ወይም በ1911 ኤል ፓሶ የተከፈተው የቶኒ ላማ ጫማ ቤት የድሮ ጥንድ ከተገኘ፣ ጠበበ ሰፋ የለም። የማያውቀው ሰው ያጣመመውን ተረከዝ እያሻሸ «ይሄ ታሪክ አለው» ይላል። ሻጩም ይስማማል፤ ታሪኩን ዋጋው ላይ ጨምሮታላ። ትዕግሥት ለሌለው ደግሞ ፋብሪካው ራሱ አዲሱን ፍቆና ጭሮ ያስረጅለታል።