የጥያቄ ባለቤት

በእኛ ክፍል ጥያቄ የመምህር ንብረት ነው፤ መልስ ደግሞ የተማሪ ዕዳ። መምህሩ የሚጠይቀው ሊያውቅ ሳይሆን የማያውቀውን ልጅ ሊለይ ነው። ተማሪውም ይህ ስለማይጠፋው፣ ጥያቄ ሲመጣ ከፊቱ ከተቀመጠው ልጅ ጀርባ ይሸሸጋል። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ ድብ ባሕር ስማር ከኋላው የምቀመጥበትን ልጅ የምመርጠው በጠባዩ አልነበረም፤ በትከሻው ስፋት እንጂ።

አሁን እኔው መምህር ልሆን እየሠለጠንኩ ነው። በኮሌጅ አጥብቀው ያስተማሩን ነገር «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» ይባላል። መምህር ብቻውን አይናገር፤ ተማሪው ይወያይ፣ ይጠይቅ፣ ይከራከር ነው ነገሩ። ይህንንም አንድ መምህር ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን ነገሩን፤ እኛም ትንፍሽ ሳንል ጻፍን። በፈተና «የአሳታፊ ዘዴን አምስት ጥቅሞች ዘርዝር» ተብሎ መጣ። ሸምድጄው ስለነበር አንዱም አላመለጠኝ።

ዘዴውን በዓይኔ ያየሁት ግን አዲስ አበባ ነው። የአክስቴ ልጅ የአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ናት፤ በዕረፍቴ ልጠይቃት ብሄድ አስፈቅዳ አንድ ቀን አስገባችኝ። ከተማዋ ለእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት እንግዳ አይደለችም። ሊሴ ገብረ ማርያም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ ስሙንም የወሰደው ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ከወደቁት ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ነው። ሳንፎርድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካኖች ሆኖ ተመሥርቶ ዛሬ የብዙ አገር ልጆች የሚማሩበትም አለ። እኔ የገባሁበት የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ዘበኛው መልኬን ይዞታል።

ዘበኛው «እንግዳ» የሚል ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። በእኛ አገር እንግዳ መምጣቱን ለማሳወቅ ካርድ አያስፈልግም፤ ውሾቹ በበቂ ሁኔታ ያውጁለታል። ክፍል ስገባ ልጆቹ ሃያ አይሞሉም። በአገራችን መለኪያ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል የሚመደበው 50 ተማሪ ነው፤ ከ50 የማያልፍ ክፍል የደረሰው መምህር ስለት ማስገባት አለበት። መምህርቷን ብፈልግ ከሰሌዳው ፊት የለችም። ለካ እግሯን አጣጥፋ ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች! እኛ ዘንድ መምህር መሬት ከተቀመጠ አንድም አሞታል፣ አንድም ወንበሩ ለስብሰባ ተወስዶበታል።

ግድግዳው ላይ የጥሩ ተማሪ ጠባዮች ተጽፈዋል፤ አሥር ናቸው። ጄኔቭ ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመ ድርጅት ለዓለም ሁሉ ያዘጋጀው ነው አለችኝ የአክስቴ ልጅ። የመጀመሪያው «ጠያቂ» ይላል። በእኔ ጊዜ መምህሬ ስለ ጠባዬ «ጠያቂ ነው» ብለው ቢጽፉ ኖሮ በማግስቱ ወላጅ ይዘህ ና እባል ነበር።

ከዚያ ዝቅ ብሎ ልጆቹ ጥያቄያቸውን በትናንሽ ወረቀት እየጻፉ ለጥፈዋል። «ትል ይተኛል?» «ደመና ይመዝናል?» «ትልልቅ ሰዎች ለምን ቶሎ ይደክማቸዋል?» መምህርቷ አንዱንም አልመለሰችም። አንድ ልጅ ሲጠይቃት «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ትለዋለች። እኔ መጀመሪያ አዘንኩላት፤ ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ የሚያስተምር ወላጅ መምህርቷ መልሱን እንደማታውቅ ቢሰማ ምን ይላል ብዬ።

የዚያን ሳምንት የሚማሩት ስለ ብርቅዬ እንስሳት ኖሮ የዋልያና የጭላዳ ሥዕል ተሰቅሏል። መምህርቷ የመጣሁት ከሰሜን ተራሮች ግርጌ መሆኑን ስትነግራቸው የልጆቹ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ አረፈ። አንዲት ልጅ «ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሲበላ እግሩን አያመውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ትከሻው የሰፋ ልጅ ፈለግኩ፤ አልነበረም። ደግነቱ ጭላዳን አውቀዋለሁ። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሣር ዋና ምግቡ የሆነ ሌላ የለም፤ የሚግጠውም እንደ በግ በአፉ ሳይሆን በጣቶቹ እየነጨ ነው። ተቀምጦ ይነጫል፤ ከፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሣ በቂጡ ተንፏቆ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ልጅቷ «እንዴት?» አለች። አልገባትም መሰለኝ። በደረቅ ገለጻ የሚገባ ነገር ስላልሆነ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ፣ ካርዴን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ ተንፏቀቅሁ። ክፍሉ በሙሉ ተከተለኝ። የአሳታፊ ዘዴን ስድስተኛ ጥቅም ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ኮሌጅ አላስተማሩኝም።

ወደ አገሬ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሒሳብ ሠራሁ። ምንጣፉን ማምጣት አልችልም። በእኛ ክፍል ያለው ስድሳ ልጅ አንዳንድ ደቂቃ ቢጠይቀኝ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ስለሆነ የሃያ ልጅ ጥያቄ በውዝፍ ይቀርብኛል። ቢሆንም ጥያቄ ቀረጥ የለበትም። ተማሪ በራሱ ማሰቡንም ከጄኔቭ የመጣ ብቻ አድርገን አንየው። በጎንደር አድባራት የቅኔ ተማሪ የሰው ቅኔ ቀድቶ ቢያቀርብ ነውር ነበር፤ ከራሱ ልብ ያፈለቀውን ነው ለመምህሩ የሚነግረው። ቆሎ እየቆረጠመ ማለት ነው፤ ያለ ምንጣፍ።

ለልምምድ የተመደብኩት ከድብ ባሕር ብዙም በማይርቅ የመንገድ ዳር ትምህርት ቤት ነው። አራተኛ ክፍል፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ርእሱ «ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ»። ገለጻዬን አቋርጬ «እስቲ ዛሬ እናንተ ጠይቁኝ» አልኩ። ስድሳ ልጅ እርስ በርሱ ጀርባ መሸሸግ ጀመረ። በመጨረሻ አንዷ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለች። ሁለተኛው «ቲቸር፣ ውጭ ልውጣ?» አለ። እስከ ዛሬ የተፈቀደላቸው ጥያቄ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ተነሣ። «ቲቸር፣ ደባርቅ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ይቀርባል። ታዲያ ለምን ይበርዳል?»

መጽሐፉ ደጋ ይበርዳል ይላል፤ ለምን አይልም። እኔም የተማርኩትን አስታውሼ በኩራት «አንተስ ምን ይመስልሃል?» አልኩት።

«ባውቅማ መቼ እጠይቅ ነበር?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁ ኋላ ግን የሆነ ነገር ተከፈተ። አንዱ «ነፋስ ስለሚበዛበት ነው» አለ። ሌላዋ «እንጨቱ ስላለቀ ነው» አለች። አንዱ ደግሞ ፀሐይ ቀድማ እዚያ ስለምትደርስ ቀድማ ትደክማለች አለ። ርእሰ መምህሩ ጫጫታውን ሰምተው መጡና አንገታቸውን በበሩ አስገብተው «መምህር የለም እንዴ?» አሉ። ከተማሪ ጋር ዴስክ ላይ ተቀምጬ ነበርና «አለሁ፣ ጋሼ» ብዬ ተነሣሁ። አተኩረው አዩኝ። «አሞሃል?»

በኋላ ልጆቹን አስረዳኋቸው፦ ፀሐይ በቀጥታ የምታሞቀው ይበልጡን መሬቱን ነው፤ አየሩን የሚያሞቀው መሬቱ ነው። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ይሳሳል፣ ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ። ደባርቅ ያለው ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከፀሐይ ርቀት አንጻር ይህ ከቁጥር አይገባም። የቤት ሥራም ሰጠሁ፤ ወደ ደባርቅ የሚያወጣውን የሊማሊሞን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ብርዱ የት ላይ እንደሚጀምር አጣሩ።

በማግስቱ አንድ የጭነት መኪና ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ተቆጥተዋል። «እነዚህ ልጆች መንገድ ላይ አስቁመውኝ ብርዱ የት ይጀምራል ይሉኛል! ምንድን ነው የምታስተምሯቸው?»

«እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቆባቸውን አወለቁ። «እኔ እንጃ። ሽቅብ ስወጣ እኔን ይበርደኛል፣ ሞተሩ ይግላል። ቁልቁል ስወርድ ሞተሩ ያርፋል፣ ፍሬኑ ይግላል። ቆይ… ፍሬኑ ግን ለምንድን ነው የሚግለው?»

ልጆቹ አጥሩ ላይ ተንጠለጠሉ። አንዷ መዳፎቿን እርስ በርስ አፋትጋ «እንዲህ ስለሚሆን ነው!» አለቻቸው። ከኋላ የቆመ መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ እንሂድ እንጂ!» አለ።

«ቆይ አንተ!» አሉት ሾፌሩ፣ መዳፋቸውን እያፋተጉ። «እየተማርኩ ነው!»